የሃያ ሰባት ዓመት አፈር

አንቺ ልጅ፣ በሩን ፊቴ ላይ አትዝጊው። ዶማ ተሸክሜ ስላየሽኝ የቀን ሥራ ፈላጊ መስዬሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እኔ ለተማርያም ነኝ፣ የሻምበል ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ። ከኤረር በር ገባ ብለሽ ስሜን ብትጠሪ ሕፃን ልጅ እጅሽን ይዞ ቤቴ ያደርስሻል። አንቺ ከአንኮበር ከመጣሽ ሦስት ወር አልሞላሽምና አልቀየምሽም። ግን ጣሪያሽን አስፍቂው ብዬ ብልክብሽ "እሷን ምን አገባት?" አልሽ አሉ። እሰይ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው! ምን እንደሚያገባኝ ልንገርሽ። አይሆንም፣ ወደ ውስጥ አልገባም። አንቺ ነሽ የምትወጪው። ልጅሽን ታቀፊና ግቢው ውስጥ እዚህ ድንጋይ ላይ አጠገቤ ቁጭ በይ።

ሙሉነሽ፣ እኔም ድሮ ጣሪያ ነበረኝ። አትሳቂ። በጀጎል ግንብ ውስጥ እንደኛ ያለ ወፍራም ጣሪያ አልነበረም። አባቴ ከሸዋ ጦር ጋር ሲመጣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤቱን የሠሩት የጎረቤታችን የኢስሓቅ አባት ናቸው። ወደ እኛ እንዴት እንደዞረ አትጠይቂኝ፤ ጦር ሲገባ የሚሆነው ሆነ፣ እኛም የማን ነበር ብለን አልጠየቅንም። ገብተን ተቀመጥን።

የዚህ አገር ቤት እንደምታዪው ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። የጥድ ወራጅ ይጋደማል፣ በላዩ እንጨት ይረበረባል፣ ከዚያ አፈር ይደለደልና ይጠቀጠቃል። በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ የከተማው ሰው የአምናውን አፈር በዶማ ገፍፎ ያወርድና አዲስ ያለብሰዋል። አባቴ ግን የመንዝ ሰው ነው። በመንዝ የሣር ክዳን ሲያረጅ አዲሱ ሣር በአሮጌው ላይ ይደረባል፣ ማን ያፈርሰዋል? "ቤት ይጨመርለታል እንጂ አይነሣበትም" ይል ነበር። እሱም በየመጋቢቱ በአህያ አፈር እያስጫነ ጨመረ። ሲሞት እኔ ቀጠልኩ። አንዲት ጠብታ ገብታብን አታውቅም! ጎረቤቶቻችን በክረምት ድስት ከሚያፈሰው ጣሪያቸው ሥር ሲደቅኑ እኔ ደረቅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እስቅባቸው ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእኔ ነው።

የኢስሓቅ ሚስት ነሲማ ስፌት ሰፊ ናት። ጣሪያዋ ከጣሪያችን ይገጥማል፣ በርበሬዋን እዚያ ታሰጣለች። አንድ ቀን መጣችና "ለቴ፣ ጣሪያችሁ ከእኛ በላይ ሆነኮ። ወራጁም ጎብጧል። ኢስሓቅ ይምጣና ይግፈፍላችሁ፣ ወላሂ ስለ ልጆቹ ፈርቼ ነው" አለችኝ። የልጄ የኃይለመስቀል ሚስት ጽጌ ልጇን እያጠባች አጠገባችን ነበረች። ሁሉን ሰምታለች።

ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! አንቺ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ድፈኚ። የአባቴ እጅ ያረፈበትን አፈር በአንቺ ባል ዶማ አላስጭርም!" አልኳት። ነሲማ "ሱብሓነላህ" ብላ ብቻ ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ጽጌ ቀስ ብላ "እሜቴ፣ በሩ ከላይ እየያዘ እምቢ ብሎኛል። እንደው ነሲማ ያለችው እውነት እንዳይሆን" አለችኝ። እኔም አናጢ ጠርቼ የበሩን አናት አስላግኩት። በሩ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። "አየሽ?" አልኳት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

የልደታ ዋዜማ ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። በማግስቱ እንግዳ ነበረብኝና ጽጌን ጊደር መጋላ ገበያ ሄዳ በርበሬና ኮረሪማ እንድታመጣ ላክኋት። ትንሿን ሰገነትን አዘለች፤ የሦስት ዓመቱን እንደሻውን ደግሞ እጁን ይዛ ልትወጣ ስትል "በዚህ ጭቃ ልጁን አታንገላቺው፣ እኔ ጋ ይቆይ" አልኳት። እንደሻው እናቱን ልከተል ብሎ አለቀሰ። አባብዬ መደብ ላይ አስተኛሁትና ጋቢዬን አለበስኩት። ሲተኛ ከቤቱ ወጥቼ ማድቤት ገባሁ። በጓሮው በኩል እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። የሚፈልጥ ሰው ነበር የመሰለኝ። ብቅ ስል ቤቴ የለም፣ የጭቃ ክምር ብቻ ነው።

ኢስሓቅ ከራሱ ጣሪያ ዘሎ ወረደ። ነሲማ በእጇ ትቆፍር ነበር፣ ያ ስፌት የሚሰፋ ጣቷ ደም በደም ሆነ። አወጡት። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፣ ጋቢዬ እንደተጠቀለለበት ነው። ጽጌ ከገበያ ስትመለስ ሰዉን አየች፣ ልጁን አየች። የያዘችውን በርበሬ አልጣለችውም። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፣ ሰገነትን ከጀርባዋ አውርዳ ለነሲማ ሰጠቻት፣ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ልጄ ኃይለመስቀል ለሥራ ጅጅጋ ነበር፣ በአራተኛው ቀን ደረሰ። ወንድሜ ተክለጻድቅ ገና ከበር ተቀብሎት "እናት ልጇን ጥላ ገበያ ትሄዳለች?" አለው። ወሬው አደባባዩ ፈረስ መጋላ ሲደርስ "ሳታስፈቅድ ወጥታ ነው" ሆነ። እኔ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ሐዘንተኛ ናት ተብዬ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል? ልጄም አመነ። ኀዘኑ የሚያርፍበት ሰው ፈለገ፣ ሚስቱን አገኘ። ጽጌ ወደ ወላጆቿ እንድትሄድ፣ ሰገነት ጡት ስትጥል ወደ እኛ እንድትመለስ ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ። አንድ ልጇ በሞተ በሁለተኛ ሳምንቱ ሌላዋን ሊቀሟት ነው!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። ፍርስራሹ ገና አልተነሣም ነበር። የሽማግሎቹ አለቃ ግራዝማች ሀብተወልድ ጽጌን "ልጄ፣ በዚያን ቀን ማን ላከሽ?" ብለው ጠየቋት። ወደ እኔ ዞር አላለችም። "ገበያ ሄድኩ። ልጄ ቤት ቀረ" አለች። እናቷ ከኋላዋ እያለቀሱ "ተናገሪ እንጂ!" ይሏታል፣ እሷ መሬቱን ታያለች።

ግራዝማች ኢስሓቅን አስጠሩት። "ቤቱን የሠሩት አባትህ ናቸው። ለምን ወደቀ?" አሉት። ኢስሓቅ ፍርስራሹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበር አድርጎ "የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የወሰነው" አለ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ገባሽ ሙሉነሽ? ሁለቱም ያውቃሉ። አንዷ የምጨቁናት ምራቴ፣ አንዱ ሚስቱን የሰደብኩበት ጎረቤት፣ ሁለቱም እኔን ይሸፍኑኛል! እኔ የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ የሰው ምሕረት ተከናንቤ? በገዛ ምራቴ ጀርባ ተደብቄ? በሕይወቴ የማንንም ቁራሽ ለምኜ አላውቅም፣ ይህን ደግሞ ከምለምን ብሞት ይሻለኛል አልኩ። የመጣብኝ ጽድቅ እንዳይመስልሽ፣ የመጣብኝ ኩራት ነው። በኩራት ነው ልጁን የገደልኩት፣ በኩራት ነው የተነሣሁትም።

"ግራዝማች፣ የሚጠይቁት ሰው ተሳስተዋል" አልኩ ብድግ ብዬ። "የላክኋት እኔ ነኝ። ልጁን አቆዪው ያልኩም እኔ ነኝ። ጣሪያው ከበደ ብላ ነሲማ ነግራኛለች፣ ሰድቤ ሰድጃታለሁ። ጣሪያው ተጭኖት በሩ እምቢ ሲል ጽጌ ነግራኛለች፣ በሩን አስላግኩት።"

ወንድሜ ተክለጻድቅ ዘሎ ተነሣ። "ኀዘን ነው የሚያናግራት! እህቴ፣ የአባታችንን ስም በሰው ፊት አታፍርሺ!"

"አንተ ዝም በል! የአባታችን ስም ጣሪያ ላይ አልተጻፈም!" አልኩና ወደ ፍርስራሹ ሄድኩ። ከግንቡ ጋር ተደግፎ የቀረ አንድ የጣሪያ ቁራጭ ነበር። ጎኑ ሲታይ የእያንዳንዱ ዓመት አፈር ለየብቻው ተነባብሯል። "ኑ፣ እዩ። ይህ ቀዩ የአባቴ ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት። ይህ የሞተበት ዓመት። ከዚህ በላይ ያለው ጥቁሩ ሁሉ የእኔ ነው።" ጣቴን እያሳረፍኩ እስከ ሃያ ሰባት ድረስ ቆጠርኩላቸው። ክንዴን ሳስጠጋው ክንድ ከስንዝር ሆነ። የነሲማን ጣሪያ ወጥታችሁ ለኩ አልኳቸው፣ ስንዝር አይሞላም። ማንም አልወጣም። ኃይለመስቀል ያንን ቁራጭ እያየ ቆሞ ቀረ። ፊቱን ላየው አልቻልኩም።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ ምን ይፈረድ ትያለሽ?" አሉ።

"በራሴ ላይ እኔው እፈርዳለሁ" አልኩ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አወጣሁ። የእናቴ ነበር፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ጽጌ አንገት ላይ አጠለቅኩት። "የዚህ ቤት እመቤት እሷ ናት። ከዚህ ግቢ አንድ ሰው መውጣት ካለበት የምወጣው እኔ ነኝ። ትፍረድብኝ።"

እናቷ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ጽጌ ቁልፉን በእጇ ያዘችው፣ ለረጅም ጊዜ ያዘችው። እኔ ቆሜ ነው የጠበቅኩት፣ አልተንበረከክኩም። በመጨረሻ "እሜቴ፣ ይቀመጡ" አለችኝ።

ይኸው ነው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እስከ ዛሬም አላለችኝም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ልጄ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ አልቆረሰም። ቤቱን ኢስሓቅ እንደገና ሠራልን። በሚቀጥለው መጋቢት አንድ ጧት ጽጌ ዶማ ይዛ መጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ኢስሓቅ ጣሪያ ላይ ሆኖ እየጠበቀዎት ነው" አለችኝ። ወጣሁ። በአርባ ዓመቴ እንደ ጀማሪ ልጅ አፈር መግፈፍ ተማርኩ። ነሲማ በርበሬዋን እያገላበጠች "ለቴ፣ ከወገብሽ ጎንበስ በይ፣ አፈር ነው የምትፍቂው፣ ሰው አትሳደቢም" አለችኝና ሳንወድ በግድ ሳቅን። ከዚያ ልቅሶ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ መጋቢት አለፈ። ጀጎል ውስጥ ከዶማዬ ያመለጠ የክርስቲያን ቤት ጣሪያ ካንቺ ሌላ የለም! በየበሩ እቆማለሁ። ምን አገባሽ ሲሉኝ "እንደሻው የሚባል የልጅ ልጅ ነበረኝ፣ ጣሪያዬ ከሰው ሁሉ ይወፍር ነበር፣ እኔ ገደልኩት" እላቸዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ አይደለም። እውነት ተናግሬ አንገቴን የምደፋ ሴት አይደለሁም። የኮራሁበትን ጣሪያ አፈር በልቶታል፣ አሁን የምኮራው በዚህ በዶማዬ ነው፣ በምራቴም ነው። እንደ ጽጌ ያለች ሴት ስንት ቤት አለች?

ዓይንሽን ጥረጊ። እኔ ለማስለቀስ አልመጣሁም። ቤቱን የሸጡላችሁ ሰዎች እንደኛው የሸዋ ሰዎች ነበሩ፣ እንደኛው ሲደርቡ ኖረዋል። ስንት ዓመት ስመላለስ በራቸውን ዘግተውብኝ ሄዱ። ይህን እያወቅኩም እስከ ፋሲካ ማግስት ልታገስሽ አስቤ ነበር፣ አራስ ቢጤ ነሽ፣ ድካም አለብሽ ብዬ። ግን ትናንት ከገበያ ስመለስ በዚህ በደጅሽ አለፍኩ። አናጢ አስቀምጠሽ የበርሽን አናት ስታስልጊ አየሁ።

ተነሺ። ልጁን ጽጌ ትያዘው፣ ያቻትና ከግንቡ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። አንቺ መሰላሉን አምጪ።