ባትሪ የማይባልበት ቤት

የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ የጎፈር ሜዳን ዳገት አጋምሶ ድምፁ ጠፋ። ዕንባቆም ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቱ ረገጠው፤ ጎማው ትንሽ ተንፏቀቀና ቆመ። ከኋላው የታሰሩት የዳቦ ሣጥኖች ቁልቁል ሊጎትቱት ሲሉ ዘሎ ወረደና በትከሻው ደገፋቸው። ባትሪው ላይ ያሉትን፣ የቀረውን ኃይል የሚያሳዩ ትናንሽ መብራቶች አየ። ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ አምስቱም በርተው ነበር፤ አሁን አንዷ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አንድ ባጃጅ አጠገቡ ደርሶ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሾፌሩ ሲላስ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ፣ ሰውን ሳይተርብ የማያልፍ።

"ዕንቤ፣ በቅሎህ ዛሬም ለገመች?"

"ትንሽ ደክሞት ነው።"

"ነግሬሃለሁ እኮ። መጀመሪያ ጨርሰህ ግደለው፣ ከዚያ ሙላው። ግማሽ ግማሽ እያጎረስክ ነው ያበላሸኸው" ብሎት አቧራውን አልብሶት ሄደ።

ዕንባቆም እየገፋ ቀጠለ። ሰው ሲመክረው አይከራከርም፤ እሺ ይላል። ሲላስ ጨርሰህ ግደለው ሲለው እሺ ብሏል። የመዘምራኑ ጊታር ተጫዋች ከግማሽ በታች እንዳታወርደው ሲለውም እሺ ብሏል። ስልክ የሚጠግነው ሰውዬ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድረው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ብርድ ይገድለዋል ብለውታል፤ ለሁለቱም እሺ ብሏል። ለሁሉም እሺ ካለ በኋላ የትኛውን እሺ እንደሚፈጽም ይጠፋዋል።

በመጨረሻ የጸናው በፈትሁዲን ምክር ነበር። ፈትሁዲን ብስክሌቱን የሸጠለት፣ መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያለው ጠጋኝ ነው። ባትሪው ከሥራ ትኩሱን ሲገባ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ማታ አራተኛው መብራት ሲበራ ከቻርጀሩ ይነቀል፣ ሞልቶ ተሰክቶ አይደር፣ ጨርሶ እስኪያልቅም አይነዳ ብሎታል። ዕንባቆም ቃል በቃል ያደርገዋል። ግራ ያጋባው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፤ አራት መብራት ላይ ነቅሎት ይተኛል፣ ጠዋት ሲነሣ አምስት ሆኖ፣ ገላውም ሞቆ ያገኘዋል።

ባለቤቱን ሩትን ሰክታው እንደሆነ ጠይቋት ነበር። "እኔ ያንን ዕቃ እንደ መብራት ምሰሶ ነው የምፈራው" አለችው። እናቱን ጣቢታን አልጠየቃትም። እሷ አምፖል እንኳ የምታጠፋው ማብሪያውን በመጥረጊያ እጀታ ጫን ብላ ነው። ስለዚህ እኔው ነቀልኩ እያልኩ እረሳለሁ ማለት ነው ብሎ ራሱን ጠረጠረ። አንድ ሰሞን ደግሞ ባትሪ እንደ ሊጥ አድሮ ኩፍ የሚል ነገር መሰለው።

ሱቆቹ ጋ ሲደርስ ሌላ አከፋፋይ ቀድሞት ነበር። አንዱ ባለሱቅ አዝኖለት ትንሽ ወሰደ፤ የተረፈውን ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለሰ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሃቢባ ሣጥኖቹን ከፍታ አየች፣ ከደነች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

"ዕንባቆም፣ አንተ ጨዋ ልጅ ነህ። ዳቦ ግን ጨዋነት አይጠብቅም። ነገም ካረፈድክ የጎፈር ሜዳውን መስመር ለሲላስ እሰጠዋለሁ። ባጃጁ ዳገት አይፈራም።"

እሺ አለ። ጎፈር ሜዳ ከእጁ ከወጣ የሚቀረው የመናኸሪያው ዙሪያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤተሰብ አያኖርም። ሲላስ "ግደለው" ያለው ለኔ አስቦ ነው ወይስ ለራሱ? መልሱን ሳያገኘው ፈትሁዲን ሱቅ ደረሰ።

ፈትሁዲን የጠዋቱን አምስት መብራት ነገር ሰምቶ ባትሪውን ከብስክሌቱ አውጥቶ አገላበጠ። ከዚያ ቻርጀሩ ከሚገባበት ቀዳዳ በወረንጦ አንድ ነጭ ነገር ጎትቶ አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

"ይህ የጋቢ ክር ነው" አለ። "ጋቢ እየደረብክበት ነው እንዴ የምታሳድረው?"

"እኔ? እኔ ምንም አላለበስኩትም።"

"ታዲያ ራሱ ለብሶ ተኛ? ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሲሞላ ከውስጡ ሙቀት ያወጣል። በላዩ ጋቢ ስትደርብበት አፈንከው። ያውም ሞልቶ ካበቃ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ። ይህ ከዳገቱ ይበልጥ ያስረጀዋል።"

ዕንባቆም ሞቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈትሁዲን አልሞተም፣ ግን አርጅቷል፣ ከአሁን በኋላ በደንብ ከያዝከው ገና ያገለግልሃል፣ እንዲህ ከቀጠልክ ግን ሌላ ክረምት አያይም አለው። የነገውን ዳገት በተመለከተም ዘዴ ነገረው፤ ማታ እንደ ወትሮው አራተኛው መብራት ላይ ይነቀል፣ የቀረው ንጋት ላይ፣ ሊወጣ ሲል ይሞላ። ሞልቶ ወዲያው ሥራ ከጀመረ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በሙሉ ሆዱ ተኝቶ ማደሩ ነው።

መንገዱን ሁሉ ክሯን በጣቶቹ እያሸ ሄደ። በቤታቸው ያለው ነጭ ጋቢ አንድ ነው፤ የሟች አባቱ።

እናቱ ከጓሮ ከእንሰቱ ሥር ደረቅ ቅጠል ትሰበስብ ነበር። ዕንባቆም ባትሪውን እንደታቀፈ ቆመ። በዚያ ቤት ባትሪ ባትሪ ተብሎ አያውቅም። የጣቢታ አማት፣ ማለትም የባሏ አባት፣ ስሙ ባጢሶ ነበር። በሀዲያ የቆየ ሥርዓት ያገባች ሴት የአማቷን ስም ይቅርና በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል አትጠራም፤ ባሊሻ ይሉታል። ጣቢታ የሥርዓቱን ስም ራሱን መጥራት አትችልም፣ እሱም በ"ባ" ይጀምራልና። እኩዮቿ በሀዲይኛ ብቻ ሲጠብቁት፣ ብዙዎቹም ሲተዉት፣ እሷ ወደ አማርኛው ጭምር አሻግራዋለች። ባጃጅ "ሦስት እግር" ነው፤ ባንክ "የገንዘብ ቤት"። ባትሪው የገባ ዕለት ምን ትለው ይሆን ብለው ሲጠብቁ በእጇ መዘነችውና "ይሄ እንቦሳ ምን ይበላል?" አለች። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እንቦሳው በላ፣ እንቦሳው ጠገበ፣ እንቦሳውን ከፀሐይ አስገቡት ሆነ የቤቱ ወሬ። ቀልድ ነበር። ቀልድነቱ የቀረበትን ቀን ማንም አላስተዋለም።

"እማዬ፣ ሌሊት እንቦሳውን ትነኪዋለሽ?"

"እነካዋለሁ እንጂ" አለች ቀና ሳትል። "አንተ ግማሽ አጉርሰህ ትተኛለህ። ተርቦ ሲያድር ዝም ብዬ ልየው? ሶኬቱን በደረቅ ጨርቅ ይዤ እሰካለሁ፣ አንተ ከመነሣትህ በፊት እነቅላለሁ።"

"ጋቢውስ?"

"እሱን በሐምሌው ብርድ ነው የጀመርኩት። የአባትህ ነው፣ ንጹሕ ነው።"

ይሳቅ ይቆጣ ጠፋው። ሩት ከውስጥ ሰምታ ኖሮ በዓይኗ ጠራችው። በሹክሹክታ፣ ቻርጀሩን የልብስ ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበት አለችው። እናቴ ሌባ ናት ወይ የሚቆለፍባት አላት። ነገ ጎፈር ሜዳን ካጣን ምን እንበላለን አለችው። እሷም ልክ ነች፣ እሱም ልክ ነው፤ ሁለት ልክ ደግሞ አንድ ላይ አይሆንም። ወደ ጓሮ ተመለሰ።

"እማዬ፣ ፈትሁዲን ጠግቦ አይደር ብሏል።"

"ፈትሁዲን ከብት አርብቶ ያውቃል?"

"ከብት አይደለም እኮ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አፉን ከፈተ። ቃሉን እሱ መጥራት ይችላል፤ የሚከለክለው ሥርዓት የለም። ግን ባትሪ ነው ቢላት ምን እንደነገራት ራሱም አያውቅም። ውስጡ ምን እንዳለ አይቶ አያውቅ፤ የሚያውቀው መብላቱንና መድከሙን ብቻ ነው። ስለዚህ በምታውቀው መንገድ ገባ።

"ከእርሻ የገባ በሬ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ ታጠጪዋለሽ?"

"ምን አሳበደኝ? ይሄንንም ቢሆን ስትገባ ተቀብዬ ጥላ የማስቀምጠው ለዚህ አይደል?"

ዕንባቆም ደነገጠ። ያንን የምታደርገው ሩት ትመስለው ነበር። እናቱ በአንድ እጇ ስታድነው በሌላው ስታፍነው ከርማለች፤ ምን ብሎ ይክሰሳት፣ ምን ብሎ ያመስግናት?

"እርጥብ ሣር እስኪበቃው በልቶ የተኛ እንቦሳስ?" አለ በመጨረሻ።

ጣቢታ ቅጠሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ሆዱ ይነፋል" አለች ቀስ ብላ። "ሆመቾ ስንኖር አንድ ሞቶብኛል።" ባትሪውን አየችው፣ እሱን አየችው። "እኔ ነኝ ያሳመምኩት?"

አይደለሽም ሊል አሰበ፤ ውሸት ሆነበት። ነሽ ሊልም አልቻለም። ባትሪውን ዝቅ አድርጎ ከቅጠሉ አጠገብ አስቀመጠው።

"ላሟ ከተሸጠች ወዲህ" አለች ጣቢታ፣ "በማልብበት ሰዓት እነቃለሁ። የማደርገው የለኝም። ታዲያ ስነቃ ምን ልሥራ?"

ሩት በሩ ላይ ቆማለች። ከበስተጀርባዋ የልብስ ሣጥኑ ተከፍቶ ይታያል፤ ቁልፉ ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ዕንባቆም ወደ ውስጥ ገባ፣ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለ፣ ገመዱን በእጁ ጠቀለለ። ሩት ወደ ሣጥኑ እንዲያልፍ ፈቀቅ አለችለት። እሱ ግን አልፏት ወጣና ቻርጀሩን በእናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

"ማታ እኔ እሰካለሁ፣ እኔ እነቅላለሁ። ከዚያ በኋላ ጋቢ የለም፣ ሌሊትም የለም። ወፍ ሲንጫጫ አንቺ ሰኪልኝ። እኔ እስክወጣ ይበቃዋል።"

"ወፍ ሲንጫጫ" አለች፣ እንደምታጠና ልጅ። ቀጥላም "ከተሳሳትኩስ?" አለች።

"ያን ጊዜ እየገፋሁት እወጣለሁ።"

ጣቢታ ቻርጀሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘችው። ሩት ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ የሣጥኑን ክዳን በቀስታ መለሰችው፤ ቁልፉን ግን ነገ እስኪታይ ከቀዳዳው አላወጣችም።