የምርኩዙ እጀታ

እናትየው የለመነቻት የምርኩዟን እጀታ ስንጥቅ በማጣበቂያ እንድትደፍንላት ብቻ ነበር። ልጅት ግን የፕላስቲክ ባለሙያ ናትና ማጣበቂያ መቀባት ለእሷ የሚመጥን ሥራ አልመሰላትም። ሟች አባቷ ያበጀውን፣ ማር የመሰለና ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ እጀታ ወደ ቤተ ሙከራዋ ወስዳ አቀለጠችው። ውስጡ የነበረችውን አንዲት አረፋ አስወጣች፤ አረፋ የስንጥቅ እናት ናት። ከዚያ ካርቦን ናኖቲዩብ የሚባለውን ጥቁር ዱቄት ቆንጥራ ደባለቀችበት። ዱቄቱ ሲያዩት ጥቀርሻ ነው፤ ነገሩ ግን ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ቱቦዎች ናቸው። እነሱ ፕላስቲኩን ከውስጥ እንደ ጅማት ሰቅዘው ያዙት፤ እጀታው ዳግም ተቀርጾ ሲወጣ ጥንካሬ መፈተኛው ማጠፊያ ማሽን ሊያጥፈው ታግሎ ታግሎ አቃተው። እንደሚጠቁር አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ያቺው ቁንጥር ብርሃን ትዘጋለች። ለምርኩዝ ብርሃን ምን ያደርግለታል ብላ ተወችው።

እናትየው ምርኩዟን መርቃ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ሄደች። እጀታውን ወደ ፀሐይ አንስታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ገልብጣም አየች።

«ምን ጠፋብሽ እማዬ?»

«አረፋዋ ናት። አባትሽ ቅልጡን ፕላስቲክ ሲያፈስ አስቄው፣ እጁ ተንቀጠቀጠና ያኔ ነው የገባችው። ጠዋት ጠዋት እሷን ሳላይ ከቤት አልወጣም።»

ልጅት አንገቷን ደፋች። ልትኩል ሄዳ ዓይን አጠፋች የሚሉት በእሷ ደረሰ።

«ግድ የለም ልጄ» አለች እናትየው፣ ጥቁሩን እጀታ በአውራ ጣቷ እያሻሸች። «ጠንካራ ነው። እንግዲህ አይሰበርም አይደል?»

«አይሰበርም» አለች ልጅት። «መቼም አይሰበርም።»