ታንክ ከዚራ የገባ ቀን

ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ፣ ታጋዮቹም ተቃረቡ በተባለ ሰሞን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ክላሽንኮቭ ከበግ ረከሰ። የተበተነው ወታደር ጠመንጃውን በዳቦ፣ ጥይቱን በሲጋራ እየለወጠ ወደ ባቡር ሐዲዱ ያዘግማል። ዘራፊ ይመጣል ሲባል ጊዜ የከዚራ ሰፈር የራሱን ጥበቃ አቋቋመ። አዛዡ ጡረታ የወጡት ባቡር ነጂ ጋሽ ገብረ መድኅን ሆኑ። የመረጣቸው የለም፤ በሰፈሩ የቆየ የምንሽር ጠመንጃ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። ለሌሎቹ ከመንገድ ላይ ክላሽ ተገዛላቸው።

«የታጠቀ ሰፈር አይደፈርም» ይላሉ ጠዋት ጠዋት።

«ጦር ቢመጣስ፣ ጋሼ?» አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ አሰገደች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ጦርም ሰው ነው። ጥይት ይበሳዋል።»

«ታንክ ቢመጣስ?»

«ታንክ እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ጥላ ፍለጋ?»

ሱቁ ከአሰገደች ቤት ጎን የሆነው የጨርቅ ነጋዴ ሙመድ ሳቀ። «አቦ ተው ገብሬ! እኛ ለዳቦ እንኳ በወጉ ተሰልፈን አናውቅም፤ ለጦርነት ልታሰልፈን?»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ታንክ መጣ። የአስፋልቱን ጠርዝ እየፈረፈረ ገብቶ ሙመድ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር፣ እውነትም ጥላው ላይ፣ ቆመ። ከላይ የተጫኑት ወታደሮች ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። አለቃቸው ሻምበል ወልደጻድቅ ወርዶ የሱቁን በር በመዳፉ መታ።

«ክፈት። የሲቪል ልብስ እንፈልጋለን።»

ሙመድ ቁልፉን እንደጨበጠ ዓይኑ ወደ ላይ ሸሸ። ጋሽ ገብረ መድኅንና ጎረቤታቸው ዲሪር ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቅ ጣራ ላይ፣ ከግንቡ ከለላ ኋላ ተኝተዋል። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ አዛዡ ሳይል ማንም እንዳይተኩስ። የተኮሱት ግን ራሳቸው አዛዡ ናቸው። ኋላ ሲጠየቁ ጣቴን ላብ አንሸራተተው አሉ። ጥይቷ የታንኩን ብረት ነክታ «ጭው» ብላ ጠፋች።

የታንኩ መትረየስ መለሰ። ሰው አንዴ አስነጥሶ እስኪጨርስ ያህል ነው የተኮሰው። አቧራው ሲወርድ የጣራው ግንብ እኩሌታው የለም፤ ዲሪር ደግሞ ክንዱን ይዞ ይጮኻል።

አሰገደች ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱ መሃል ገባች።

«በቃ! አንድ ሸሚዝ ፍለጋ ሰፈር ልታፈርሱ ነው?»

«ማነው የተኮሰው?» አለ ሻምበሉ ሽጉጡን መዞ።

«ሰማንያ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው! ዓይኑም አያይ!»

«ስልሳ አንድ ነኝ!» የሚል ድምፅ ከጣራው መጣ።

ከወታደሮቹ አንዱ ፈንድቶ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። ሻምበሉ ሊቆጣ ፈለገና አቃተው፤ ሽጉጡን ከተተ፣ የጦሩን ሐኪም ጠርቶ ወደ ዲሪር ላከና እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ገብረ መድኅን ምንሽራቸውን እንደያዙ ከጣራው ወረዱ።

«አባባ፣ በዚህ ምንሽር ታንክ ሊያቆሙ ነበር?» አለ ሻምበሉ።

«ታንኩን እንኳ አይደለም። አንተን ነው።»

ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ አቧራውን አራገፈ። «እሱስ ልክ ነዎት» አለ። «አሁን ብፈልግ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አፈርሰዋለሁ። እዚህ ብከርም ግን ውሃ ስንቀዳ አንዱን፣ ስንተኛ ሌላውን እያላችሁ ትጨርሱናላችሁ። ሰሜን ጦር ግንባር ሳለሁ አይቼዋለሁ።»

«እስከዚያ ከእኛ ስንቱ ይተርፋል?» አለች አሰገደች።

ሙመድ ሱቁን ከፈተ።

ከዚራ ውስጥ እንደዚያን ቀን ያለ ገበያ ታይቶ አይታወቅም። ግማሹ ወታደር ሽርጥ አገለደመ፤ ሸሚዙ የጠበበው እጅጌውን በአሰገደች መቀስ አስቆረጠ። ሐኪሙ የዲሪርን ክንድ በአዲስ አቡጀዲ ጠቀለለ። ከዚያ ሽርጥ ለባሹ ጦር ክላሹን በጨርቅ ሸፍኖ ሐዲዱን ይዞ ወደ ጅቡቲ አቀና። ናፍጣው ያለቀው ታንክ ዛፉ ሥር ቀረ።

ጋሽ ገብረ መድኅን ታንኩን ዞሩት። ዓይናቸው በራ። «አሁን እንግዲህ የሚደፍረን የለም!»

«ጋሼ፣ ነገ የሚመጡት ታጋዮች ይህን ከሩቅ ሲያዩ ማን አለበት ብለው ይጠይቃሉ ወይስ ይተኩሳሉ?» አለች አሰገደች።

አሰቡበት። ከዚያ ምንሽራቸውን ቤት አስቀምጠው አንሶላቸውን አወጡና አፈሙዙ ላይ አሰጡት።

ሰፈሩ ያጠበውንም ያላጠበውንም ልብስ ውሃ ነክሮ መጣ። በማግስቱ ታጋዮቹ ሲገቡ ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሰንሰለቱ ድረስ አንሶላ፣ ጉርድና የሕፃን ልብስ ተሰጥቶበት አገኙት። አንዲት ታጋይ በጠመንጃዋ አፍ ጨርቁን ገልጣ ውስጡን አየች።

«የማን ነው ይሄ?»

«አንሶላው የኔ ነው» አለች አሰገደች። «ታንኩን እንጃ።»

ታጋይዋ አንሶላው መሬት እንዳይነካ ቀስ አድርጋ መለሰችውና አለፈች።

የዲሪር ክንድ ዳነ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን አልዘረጋ አሉ። ጋሽ ገብረ መድኅን ማንም ሳያዛቸው በየጠዋቱ ጀሪካኑን ከበሩ አንስተው ከቦኖ ውሃ ይቀዱለት ጀመር። «ተው፣ በግራ እጄ እችላለሁ» ቢላቸውም አልሰሙትም። ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ያደርሱለታል።