እስከ ዐርብ የሚቆይ ቺፕስ

የኮምፒውተር ቺፕ በሚመረትባት የታይዋን ከተማ በሺንቹ መሐንዲስ ሁሉ በሳይንስ ያምናል፤ መፈተሻ ማሽኑ ላይ ግን አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ሳያስቀምጥ አይውልም። የቺፕሱ ስም «ጨዋ ሁን» ማለት ነው፤ ማሽኑም ጨዋ ይሆናል። ቀለሙ ሌላ ከሆነ ወይ የመጠቀሚያ ቀኑ ካለፈ ግን ጉድ ፈላ! የክፍሉ አለቃ ጂያን በዚህ ቀልድ አያውቅም። ዓመት የማይቆይ እሽግ ከሱቅ አያነሳም።

በእሱ ሥር የምትሠራው መሐንዲስ ሲውቺን አንዲት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ቺፕ ስትሠራ አራት ዓመት ለፍታለች። ዓለሙ ወደ ስልክ ነጉዷል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የስልክ ቺፕ ድርጅትም አምና ነይልን ብሎ ለምኗት ነበር። ጂያን ግን «ይቺ ቺፕ እስክትወጣ አትተዪኝ፤ እኔም አልተውሽም» አላት። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል ብላ ቀረች። አይ ሞኝነት!

ሰኞ ጠዋት ቺፗ ለዘጠነኛ ጊዜ ፈተና ወደቀች። ሲውቺን ተናዳ ማሽኑ ላይ ያለውን እሽግ አነሳችው። ባለፈው ሳምንት ጂያን ራሱ የቀየረው ነው። ጀርባውን ስታየው ቀኑ ዐርብ ያበቃል።

«አለቃ፣ ባለሱቁ ሸወደዎት እንዴ? አራት ቀን እኮ ነው የቀረው!» ብላ ሳቀች።

ጂያን አልሳቀም። «ይበቃል» አለ።

«ለምኑ?»

ጂያን እሽጉን ከእጇ ወስዶ ማሽኑ ላይ መለሰው። ያኔ ገባት።

«ዐርብ ሊዘጉን ነው?»

«ከላይ ተወስኗል። ስልኩ በላን።»

«መቼ ሰሙ?»

«ከወር በፊት።»

«ከወር በፊት! ማዶ እኮ ቅጥር የዘጉት ባለፈው ሳምንት ነው! እኔ ለእርስዎ ብዬ አይደል እንዴ የቀረሁት?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር። ሥራው ሰው ይፈልግ ነበር።»

የጂያን ጠረጴዛ መሳቢያ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ሌላ አረንጓዴ እሽግ አየችና አወጣችው። ይኼኛው ድፍን ዓመት ይቆያል።

«ይኼስ ለየትኛው ማሽን ነው?»

ጂያን በመስኮቱ ወደ ማዶው ሕንፃ አየ። «የመጨረሻዋን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ልትሰድበው ፈለገች፤ አፏ ግን ታላቅ መስደብ አልለመደም። እሽጉን መሳቢያው ውስጥ መልሳ ወደ ማሽኗ ሄደች። ማሽኑ እስከ ዐርብ የሷ ነው።

ኀሙስ ከሰዓት የማሽኑ መብራት አረንጓዴ በራ። ቺፗ አለፈች! ሲውቺን «አለፈች!» ብላ ዞረች፤ ባልደረቦቿ ዕቃቸውን በካርቶን እያሰሩ ነበርና ቀና ያለ የለም። ተቀመጠች፤ ማሽኑ ላይ የነበረውን ቺፕስ ቀድዳ እያለቀሰች በላችው። ቀኑ ስላላለፈ ጣዕሙ ደህና ነበር።