ውኃ ቀጂው ቄስ

ገብረ ኪዳን የቅዳሴውን ውኃ ከምንጭ ቀድቶ ሲመለስ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ተሰብስቦ አገኘ። ውኃ መቅዳት የዲያቆን ሥራ ነው። እሱ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ቅስና ተቀብሎ ከተመለሰ ወዲህ ከዚህ ሌላ የሚሰጠው ሥራ አላገኘም። እጁን የጫነበት ጳጳስ ጣሊያን የሾመው ነው ተብሎ መቅደስ እንዳይገባ ተከለከለ፤ መስቀሉንም የሚሳለም ጠፋ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ኋላ ግን «ቄስ አገባሁ ብዬ ውኃ ቀጂ አገባሁ» እያለች ትቀልድበት ጀመር።

«የጠራኝ እግዚአብሔር ነው፤ እስኪያስገባኝ ደጁን እጠብቃለሁ» ይላት ነበር።

ዕለቱ የድረስ አርባ ነው። ድረስን ጣሊያኖች «አርበኛ አብልተሃል» ብለው ሰቅለውታል። ወንድሙ ባዘዘው ለተዝካሩ ጠላ አስጠምቆ፣ ዳቦ አስደፍቶ ቅዳሴውን ይጠብቃል።

የደብሩ አለቃ ቢተው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተናገሩ። «ቄስ ንጉሴን ወባ ጥሎታል። ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስ ይፈልጋል፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ዛሬ ገብረ ኪዳን ይግባ።»

ባዘዘው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ወንድሜን ጣሊያን ሰቀለው፤ ጣሊያን ያቀሰሰው ደግሞ ይፍታው? እሱ ከሚገባ አርባው ይቅር!»

«ያቀሰሰው ጳጳስ ነው፣ ልጄ።»

«ጳጳሱንስ ማን ሾመው፣ አለቃ?»

ገብረ ኪዳን ማድጋውን እንደተሸከመ ቆሟል። ስንት ጊዜ ለብቻው ሲያሰላስለው የኖረው መልስ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ወዲያው የባዘዘውን የተላጨ ራስና እንቅልፍ ያጣ ዓይን አየና መልሱን ዋጠው። ማድጋውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አለቃ፣ እኔ አልገባም። በሐዘንተኛ ላይ ሌላ ሐዘን አልጨምርም። ዐርብ ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከማዶ ቄስ ዋኘውን ላምጣ።»

«ወንዙ እኮ ሞልቷል። መንገዱም ላይ ጣሊያን ዘብ አቁሟል።»

«እሱ ያውቃል» አለ ገብረ ኪዳን።

«ሂዳ!» አለ ባዘዘው። «ብቻ ከዘቦቹ ጋር ስትጫወት እንዳይመሽብህ፤ ወዳጆችህ ናቸው።» አንዳንዱ ሳቀ።

ገብረ ኪዳን ከዘቦቹ ለመራቅ በገደሉ በኩል ወረደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ መስቀሉን በጥምጥሙ ጠቅልሎ አናቱ ላይ አሰረና ገባ። መሃል ላይ እግሩ ከዳው። ብሞት «ለጣሊያን ገባ» ይሉኛል ብሎ አሰበ፤ ከውኃው ይልቅ ይህ አስፈራው። «ጌታዬ፣ እነሱ ባይቀበሉኝም አንተ ታውቀኛለህ» አለ። ድንጋይ ረግጦ ቆመ፤ ተሻገረም።

ቄስ ዋኘው ነገሩን ሲሰሙ አፋቸውን ያዙ። «አንተን ጠልተው፣ አንተኑ ልከው፣ እኔን ያስጠራሉ? እኔ ብሆን እንኳን ወንዝ፣ ደፍ አልሻገርላቸውም!»

«ድረስ ምን አደረገ፣ ቄስ ዋኘው? ይልቅ እንነሣ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ሲመለሱ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። ቅዳሴው በሰዓቱ ተገባ። ገብረ ኪዳን እርጥብ ጋቢውን ለብሶ ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመ። የሌላውን ቄስ ድምፅ ከመቅደሱ ሲሰማ ውስጡ ቆሰለ፤ አይቆስልም ብሎም አልጠበቀም ነበር። የድረስ ስም ሲጠራ ግን ከሁሉም ጋር «እግዚኦ» አለ።

ለተዝካሩ ሲቀመጡ አለቃና ቄስ ዋኘው ላይኛው ቦታ ተሰየሙ፤ እሱ በሩ አጠገብ ቦታ ያዘ። ባዘዘው ትልቁን ዳቦ በሰፌድ ይዞ ገባ። ለማስባረክ ወደ አለቃ ይሄዳል ሲባል ወደ በሩ ዞረ። ገብረ ኪዳን ፊት ቆሞ እሾህ የቧጠጠውን እግሩን ሲያይ ቆየ።

«ወንዙ ምን ድረስ ነበር?»

«ደረት ድረስ።»

«ቄስ ዋኘው አንገት ድረስ ነው ይላሉ።»

«እሳቸው አጭር ናቸው።»

ባዘዘው ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ በርከክ ብሎ ሰፌዱን አቀረበለት።

«ይባርኩልኝ፣ አባቴ።»

ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ሳይቀምሱ ወጡ። ባዘዘው ዞሮ አላያቸውም። ገብረ ኪዳን መስቀሉን ከእርጥቡ ጥምጥም ፈታ። ዳቦውን አማትቦ ባረከ።