ባሕሩ የሸለመው ሥራ አስኪያጅ

የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የሆነውን የቅዱስ ጴጥሮስን ሐውልት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረነዋል። በዚህ በፔሩ ዳርቻ ባለችው መንደራችን ዓሣ ሲጠፋ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ አፍሮ እስኪልክልን ድረስ። የቀረን ኤውሴቢዮን ማባረር ነበር።

ኤውሴቢዮ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ነው። አምና ባሕሩ ቀዝቅዞ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ትንሹ ዓሣ አንቾቬታ ከብዛቱ ጀልባ ሊያሰምጥ ሲደርስ፣ በትከሻችን ተሸክመን እየጨፈርን ሞተር ብስክሌት ሸለምነው። ዘንድሮ ውሃው ሞቀና ዓሣው እግሬ አውጪኝ አለ። እኔ ዓሣ እያጸዳሁ ነው የምኖረው፤ ቢላዬ ከሥራው ይልቅ ዕረፍቱን አብዝቷል። ስለዚህ ወደ ጉባኤው የሄድኩት ይውረድ ልል ቆርጬ ነው።

"ይውረድ!" አለ ዊልመር፣ ለቦታው ሲቋምጥ የኖረው። "ውጤቱ ምንድን ነው? ባዶ መረብ!"

"ባሕሩን እኔ አላሞቅኩት" አለ ኤውሴቢዮ።

"አምናስ ያቀዘቀዝከው አንተ ነህ?" አልኩ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳያስበው ፈገግ አለ።

"አንቺ ሶራይዳ፣ ምላስሽ ከቢላሽ ይብሳል! እሺ፣ ባሕሩን እንተወውና ጎረቤቶቻችንን እንይ። የሁላችንም ባሕር አንድ ነው። ሰሜኖቹ ጀልባ ሸጠዋል። ደቡቦቹ ሰው አሰናብተዋል። እኛስ?"

እውነቱን ነው፤ አንድም ጀልባ አልሸጥንም። ውሃው መሞቅ ሲጀምር፣ ሙቀት የሚወደው ትልቁ ዓሣ ፔሪኮ ይመጣል፣ መረቡን ትታችሁ መንጠቆ ያዙ ብሎ የለመነን እሱ ነው። ስንሰድበው ከረምን እንጂ ጦም ያላደርነው በዚያ ነው።

"በቃ፣ ይቀጥል!" አሉ ሽማግሌዎቹ። ኤውሴቢዮ ግን አልተቀመጠም።

"ቆዩ፣ በዚሁ ሚዛን አምናንም ልንገራችሁ። አምና ከሦስቱ መንደሮች በገቢ መጨረሻ እኛ ነበርን። በረዶ ቀድሜ ባለማዘዜ ስንት ዓሣ ገምቶ ተደፋ። ባሕሩ ስለሞላልን ግን ማንም ልብ አላለውም።"

"ይኸው፣ በገዛ አፉ!" ዊልመር ብድግ አለ።

"አንተ ደግሞ አንዴ አፍህን ያዝ!" አልኩትና ወደ ኤውሴቢዮ ዞርኩ። "ታዲያ ዘንድሮ ምን ነካህ? አምና ያላሰብከውን እንዴት አሰብከው?"

"ሽልማታችሁ ነዋ!" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "በየመንገዱ ጀግናው፣ ጀግናው ስትሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር። ያልሠራሁበትን ሽልማት አሁን ልሥራበት ብዬ ነው።"

አንጀቴን በላው። ላባርረው የመጣሁት ሴትዮ ከሁሉ ቀድሜ ይቀጥል ብዬ እጄን አወጣሁ። ዊልመር ክንዴን ይዞ ሊያወርድብኝ ሞከረ።

"ተወኝ እባክህ!" አልኩት። "ባሕሩ ሲቀዘቅዝማ አንተም ጀግና ትሆናለህ። እኔ የምፈልገው ሲሞቅ የሚያበላኝን ነው።"