ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ

ጣቢያው ሲሠራ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ስለነበር፣ «ማን ሊሳፈርበት ነው? ቁራ?» እየተባለ ተሳቀበት ይባላል። ቤቶቹ ግን ሐዲዱን ተከትለው መጡ። ጠዋት ጠዋት ከተማ ሥራ የሚገባው ሰው መሳፈሪያው ላይ ይተራመስ ጀመር። ከትኬት መስኮቱ ጎን ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ጋዜጣ መሸጫ፣ ከዚያ ፀጉር ቤት።

ትኬት ቆራጯ የተቀጠረችው በዚያ ዘመን ነው። ከፀጉር አስተካካዩ የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። እሱ ደንበኞቹን ሲያስቅ እሷም በመስኮቷ ውስጥ ሆና ትስቃለች፤ ትኬት የሚጠብቀው ሰው ግራ ይገባዋል። እያደር ሻይ ቤቱ ተዘጋ፣ ጋዜጣ የሚገዛም ጠፋ። በመጨረሻ ትኬት የሚሸጥ ማሽን መጣና መስኮቷ በቆርቆሮ ተደፈነ። እሷን የማረፊያ ክፍሉንና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አስይዘው አስቀሯት። ባሏ ሞቷል። ልጇ ሩቅ ነው፤ ሲደውልም «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለው ያበቃል።

ፀጉር አስተካካዩም እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጋ፤ መምጣቱን ግን አልተወም። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ይውላል። የትም ስለማይሄድ የጣቢያው ሠራተኞች «መንገደኛው» የሚል ስም አወጡለት። ሰምቶ ወደደው።

ከዚያ የሐዲዱ ማቋረጫ ተዘጋ። የመንገደኛው ቤት ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ነው፤ ድሮ ግራ ቀኙን አይቶ በእግሩ ይሻገር ነበር። አሁን ለደኅንነት ተብሎ አጥር ታጠረ፣ ረጅም ደረጃ ያለው የብረት ድልድይም ቆመ። አሳንሰር ይገባለታል ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

መንገደኛው ቀረ። ትኬት ቆራጯ «አሟቸው ይሆን?» እያለች ስትጨነቅ ሰነበተች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የቆመው ባቡር ሲነሣ፣ በወዲያኛው መሳፈሪያ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ተቀምጦ አየችው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» ብላ ጮኸች።

«ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«እዚያ እኮ ብርድ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ብርድ ነው።»

«እሱማ ነው።»

ሌላ ባቡር መጥቶ መሀላቸው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ይዛ ድልድዩን እየተሻገረች እሱ አጠገብ ትበላ ጀመር። ብዙ አያወሩም። እሱ ከባቡር የሚወርደውን ሰው ጭንቅላት እያየ፣ «ይሄንን ደግሞ ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈው?» ይላል፤ እሷ ትስቃለች። ስትመለስ ማሞቂያው ባዶ ወንበር ሲያሞቅ ታገኘዋለች።

ብርዱ ሲከፋ እሱ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆነ። አንድ ከሰዓት የእህቱ ልጅ ድልድዩን ተሻግራ መጣች።

«ትኬት ቆራጯ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ሆኑ?»

«አጎቴን ብርድ መትቶት ተኝቶ ነበር። አሁን ተሽሎታል፤ ግን ብቻውን አይሆንም ብለን እኛ ጋ ልንወስደው ነው። ነገ ጠዋት ነው የምንሄደው። ለእሷ ሳትነግሩ እንዳትወስዱኝ አለን።»

አድራሻውን ጠየቀቻት።

በማግስቱ ሥራ የሚገባው ሰው የወዲያኛውን መሳፈሪያ ሞልቶት ነበር። ተጋፍታ አጠገቡ ደረሰችና እጁን ያዘችው።

«በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ የእውነት መንገደኛ ሆኑ።»

ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ወዲያው ሕዝቡ እየገፋ ባቡሩ ውስጥ ይዞት ገባ። በየትኛው መስኮት በኩል እንደተቀመጠ ስላላወቀች ለሁሉም መስኮቶች እጇን አውለበለበች።

በዕረፍት ቀኗ ልትጠይቀው ተነሣች። ዕድሜ ልኳን ትኬት ስትሸጥ ኖራ ከማሽን ገዝታ አታውቅም፤ ከኋላዋ የቆመ ሰው እስኪያግዛት ድረስ ስትነካካ ቆየች። ስትደርስ ተኝቶ ነበር። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ማረፊያ ክፍሉን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

«ዛሬ ዕረፍቴ ነው። ቆልፌዋለሁ።»

«ሰው መጥቶ ቢያጣሽስ?»

«ማንም አይመጣም፣ ጋሼ።»

«እዚህ ባቡር አይሰማም» አላት። «ቀኑ መንጋቱን እንጂ የት እንደደረሰ አላውቅም።»

ልትሄድ ስትነሣ፣ «ደግሞ ትመጫለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«በዕረፍቴ ሁሉ።»

እንዳለችውም አደረገች። አንዳንድ ቀን ያጫውታታል። አንዳንድ ቀን ሳይነቃ ይውላል፤ ያኔ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና የመመለሻዋ ሰዓት እስኪደርስ ትጠብቃለች።